ፍላሽዋን ጤፍ ውስጥ የደበቅኩ ሰሞን

ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አለው። አንዱ እባብ ይፈራል፣ አንዱ ባለሥልጣን ይፈራል። እኔ ግን ሁሉንም በየተራው ነው የምፈራው። ጠዋት ተነስቼ የምፈራው ካጣሁ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኝና እሱኑ እፈራለሁ። ባለቤቴ፣ አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣም ወዴት ልትሄድ ነው ብለሽ ትጨነቂያለሽ ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን እሱ የማይጨነቀውን እኔ ካልተጨነቅኩለት ይህ ቤት በምን ይቆማል? በእሱ አናጢነት እንዳልል፣ የገዛ ቤታችን ወንበር ሦስቱ እግሮቹ መሬት ሲነኩ አራተኛው ገና እያሰበ ነው።

እንግዲህ ጣት የማታህል አንዲት ዕቃ ማርቆስን ከዳር እስከ ዳር እንዴት እንዳስሮጠችኝ ላጫውታችሁ።

ልጄ ቤዛ ትባላለች። ከሮብ ገበያ ተነስተን ማርቆስ ስንገባ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጓደኛ የሚባል ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ልብሷን ትቀይራለች፣ መብራት እስኪሄድ ታነባለች። ሌሎች እናቶች ልጃቸው ጓደኛ ስታበዛ ይፈራሉ፤ እኔ ጓደኛ አጣች ብዬ ፈራሁ። ታዲያ አንድ ቀን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትስቅ ሰማኋት። ሳቋን ረስቼው ስለነበር መጀመሪያ የጎረቤት ልጅ መስሎኝ በአጥር አየሁ። ምን ተገኘ ብላት ክበብ ገባሁ አለችኝ። የሳይንስ ልቦለድ ክበብ።

እሱ ደግሞ ምንድን ነው አልኳት። ገና ስላልሆነ ነገር የተጻፉ መጻሕፍት አሉ፣ ፊልምና ተከታታይም አለ፤ እናያለን፣ እናነባለን፣ የወደድነውን ለሌላው እናካፍላለን አለችኝ። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። የሆነውን እንኳ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት፤ ያልሆነውንማ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ። ስለ ሌላ ዓለም ፍጥረት ነገረችኝ፣ ፈራሁ። እንደ ሰው ስለሚያስብ ማሽን ነገረችኝ፣ ከዚያ ወዲህ ፍሪጃችን ባጉረመረመ ቁጥር ምን አሰበ ብዬ ቀና እላለሁ። ሄዶ ስለማይመለስ የጠፈር መርከብ ስትነግረኝ ግን በቃሽ አልኳት። የማይመለስ ነገር ለምን ይሄዳል?

ልቤ ያረፈው አሠራራቸውን ስትነግረኝ ነው። በፊት የሚሰበሰቡት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፤ ክፍሉ ለእድሳት ሲዘጋ በየአባሉ ቤት በተራ ሆነ። ተረኛ አለ፣ ደንብ አለ፣ መሪ አለ። ይህማ ማኅበር ነው አልኩ በሆዴ። ማኅበር የጠጣ ሁሉ እንደሚያውቀው የማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል፤ የእነሱ ሙሴ ናሆም የሚባል፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጽዋም አላቸው። ጽዋቸው አንዲት ሰማያዊ ፍላሽ ናት። ክበቡን ያቋቋመው መምህር ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ዕድሜውን ሲሰበስብ የኖረውን ፊልምና መጽሐፍ ሁሉ እሷ ላይ ሞልቶ ትቶላቸው ሄደ። ተረኛው ተረክቦ ይጠብቃታል፤ እሁድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ አባላቱን ያስኮመኩማል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ደንቡም አጭር ነው፤ ፍላሽዋን ያጠፋ ከክበቡ ይወጣል።

ኮፒ አልነበራትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር፣ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ። የልጆቹ ስልክ በገዛ ፎቶአቸው ሞልቶ የአንድ ፊልም ቦታ የለውም። ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው።

አንድ ዓርብ ቤዛ ፍላሽዋን ይዛ መጣች። እሁድ ተረኛዋ እሷ ናት። ጓደኞቿ ቤታችን ሊመጡ ነው፤ ፊቷ ላይ የነበረውን ብርሃን የመብራት ኃይል ሰው ቢያየው ቆጣሪ ያስገባለት ነበር። እማ፣ ሻይና ፈንድሻ ብቻ፣ ድግስ እንዳታደርጊው፣ ጨዋታችንም ውስጥ እንዳትገቢ ብላ ፍላሽዋን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጣ ወደ ማጠናከሪያ ትምህርቷ ሄደች።

ቴሌቪዥን ላይ። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዲህ በግላጭ ይቀመጣል? የልጄ ጓደኝነት በሙሉ እዚያች ጣት የማታህል ነገር ላይ ተንጠልጥሎ እኔ እንዴት ብዬ ሽንኩርት ልክተፍ? አነሳኋት። መጀመሪያ ፍራሽ ሥር ከተትኳት፤ ባለቤቴ ሲቀመጥ እንደ ግንድ ስለሆነ አወጣኋት። ከሥዕለ አድኅኖው ጀርባ አደረግኳት፤ ውስጧ ያሉት ፍጥረታት የማን ወገን እንደሆኑ ስለማላውቅ ቶሎ አነሳኋት። መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳት፤ ሙቀት ትወድ አትወድ እንጃ ብዬ ፈታኋት። በመጨረሻ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የሚሳሳለትን ነገር ሁሉ እህል ውስጥ ነበር የሚቀብረው። እህል ሌባን ያደክማል ይል ነበር፤ አንድ ፍሬ ለማንሳት ሺውን መግለጥ አለበት።

ጓዳ ውስጥ ተነፍቶ ያለቀ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ቆሟል። ባለቤቴን ወፍጮ ቤት አድርሰው ስለው ሰንብቻለሁ፤ እሺ ሲለኝ ሰንብቷል። በዚህ ቤት ውስጥ ማንም የማይነካው አስተማማኝ ቦታ ቢኖር እኔ ባለቤቴን አድርሰው ያልኩት ዕቃ ነው። ፍላሽዋን በፌስታል ጠቅልዬ እስከ ክርኔ ድረስ ቀበርኳት፣ አፉን አሰርኩ፣ እፎይ አልኩ። ማታ ቤዛ ፍላሽዋስ ብትለኝ ደህና ቦታ አስቀምጬልሻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ባለቤቴ በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ፊቱ በርቷል። ሥራ የሠራ ሰው ነው የሚመስለው። እሱ በፈቃዱ ሥራ የሠራ ዕለት ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሊሞት ነው።

"ጤፉን አደረስኩልሽ" አለኝ። "ነጋ ጠባ ከምትጨቀጭቂኝ።"

የገዛሁትን ሽንኩርት እግሩ ሥር ዘርግፌ ሮጥኩ። ምን ሆንሽ ብሎ ከኋላዬ ሲጣራ ይሰማኛል፤ ግን የምመልስበት ትንፋሽ አልነበረኝም። ባጃጅ ልያዝ ብል ልጁ ሰው እስኪሞላ ጠብቂ አለኝ። በእግሬ ቀደምኩት። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሁሉ ማን ሞተ እያሉ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፤ ማንም አልሞተም እያልኩ አልፋለሁ፤ እንዲህ ስትሮጪማ የሆነ ሰው ሞቷል እያሉ ጥቂቶቹ ተከተሉኝ።

ወፍጮ ቤቱ እንደ ወትሮው ይጮሃል። ባለ ወፍጮው ጋሼ ይበልጣል እስከ ሽፋሽፍታቸው ዱቄት ለብሰዋል። ጩኸቱን በጩኸት አሸንፌ የኔ ጤፍ የታለ አልኳቸው። በእጃቸው ወደ ጥግ አሳዩኝ። ማዳበሪያው ቆሟል። እጄን ስሰድበት ሞቀኝ። ዱቄት ነው።

ያኔ ወፍጮውን ካላቆማችሁ አልኩ። ተራ የያዙት ሴቶች አጉረመረሙ። ጋሼ ይበልጣል አቆሙት። ወፍጮ ድንገት ሲቆም የሚመጣው ጸጥታ ደግሞ አያድርስ ነው፤ የገዛ ድምፄ ብቻውን ቀረ።

"ጤፉ ውስጥ ዕቃ ነበረኝ" አልኩ።

"ምን ዕቃ?"

"ፊልም።"

ተራ ከያዙት አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ። "ፊልሙ ውስጥ ሰው አለበት?" አሉኝ።

"አለበት፣ እማማ።"

"ብዙ ነው?"

"የሌላ ዓለም ሰው ሁሉ ነው ያለበት።"

"አይ ወፍጮ" አሉና አማተቡ።

ጋሼ ይበልጣል ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ጊዜ ድንጋዩ ቀጭ እንዳለባቸውና ጠጠር ነው ብለው እንዳለፉት ነገሩኝ። ለካ ጤፏን ሳትነፋ ነው የምትልክ ብለው ታዝበውኝም ነበር። በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ ይህ አንገበገበኝ፤ የኔ ጤፍ ጠጠር የለውም ብዬ ክርክር ጀመርኩ። የተከተሉኝም ሰዎች፣ እውነቷን ነው፣ እሷ ጠጠር አትተውም ብለው መሰከሩልኝ። ከዚያ ወንፊት ተለመነ፤ ሬሳ ፍለጋ የመጡት ሁሉ ፍላሽ ፈላጊ ሆነው ዱቄቱን እፍኝ በእፍኝ ነፋነው። ያገኘነው ሰማያዊ ስብርባሪና እንደ ቆርኪ የተጨማደደች ትንሽ ብረት ነው። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ እንደ አልቃሽ ተከብቤ ተመለስኩ።

ዱቄቱን ሰው ስለማይበላው ለዶሮዎቻችን ሰጠናቸው። ከዚያ ወዲህ ውኃ በጠጡ ቁጥር ወደ ሰማይ ያያሉ። ባለቤቴ ዶሮ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው ይላል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ አያቸዋለሁ።

ቤዛ ከቅዳሜ ማጠናከሪያዋ ሳትመለስ አንድ መላ መታሁ። ፊልም የሚጭን ሱቅ ሄጄ ሰማያዊ ፍላሽ ስጠኝ፣ ያልሆነ ነገር ያለበት ፊልምም ሙላልኝ አልኩት። ሁሉም ያልሆነ ነው እኮ፣ እትዬ አለኝ ልጁ። እንግዲያው ሙላው አልኩት። ቤዛ ስትመጣ ሰጠኋት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ሰርግ መጣ። አለፈችው። ሌላ ሰርግ መጣ። ዛፍ እየዞሩ የሚዘፍኑ ሰዎች መጡ።

"እማ፣ እዚህ ውስጥ ጠፈር የለም" አለችኝ።

"ከዛፉ በላይ ትንሽ ሰማይ ይታያል" አልኳት።

ቋጠሮውን ፈትቼ አሳየኋት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ብትቆጣ ደስ ባለኝ። ቤዛ ግን አልተቆጣችም፤ ስብርባሪውን በጣቷ እየገላበጠች፣ ነገ ጣልኳት እላቸዋለሁ፣ አንቺ ምንም እንዳትይ አለችኝ። ለምን ብላት፣ እናቴ ወፍጮ ቤት አስፈጨቻት ከማለት ጣልኩ ብል ይሻላል አለች። ጣልኩ ካለች ደግሞ ትወጣለች። ከወጣች ያ ስልክ ላይ የሰማሁት ሳቅ ተመልሶ የጎረቤት ሊሆን ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቹ መጡ። ጨዋዎች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። ናሆም ያችን እግሯ የምታስብ ወንበር መርጦ ተቀመጠባት፤ ወዲህ ሲል ወዲያ፣ ወዲያ ሲል ወዲህ፣ መሪ ነውና ምንም እንዳልሆነ መሰለ። ኸድጃ የምትባል፣ አባቷ በመንግሥት ሥራ ተዛውረው ማርቆስ የገቡ ልጅም አለች፤ ምላሷ ከራሷ በፊት ነው በር የሚገባው። የቀሩት ፍራሹ ላይ ተደረደሩ። እኔ ጓዳ እንድቆይ ታዝዣለሁ። ቆየሁ። ማለቴ፣ መጋረጃው ጋ ቆየሁ።

ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ናሆም ወደ ቤዛ ዞሮ፣ ተረኛ፣ ጽዋውን አቅርቢ አላት፤ ቤዛ የኔን የማኅበር ቋንቋ ነግራቸው እሱም ወዶት ኖሯል። ቤዛ ተነሳች። እጆቿን አንዱን በአንዱ ውስጥ ቆልፋለች።

"ፍላሽዋን እኔ..." ብላ ስትጀምር ሳልታዘዝ የጋገርኩትን ዳቦ በትሪ ይዤ ገባሁ።

"እኔ ነኝ ያስፈጨኋት" አልኩ።

ማንም አልገባውም። ከጤፉ ጀምሬ እስከ አሮጊቷ ድረስ ነገርኳቸው፤ የነጠላዬን ቋጠሮ ፈትቼ ስብርባሪውን ዳቦው ጎን አፈሰስኩት። ሁሉም አጎነበሱ። ናሆም ብረቷን አንስቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ያ መምህር ሲሄድ ፍላሽዋን ያስረከበው ለእሱ ነበር። ደንብ ደንብ ነው፣ ተረኛዋ ቤዛ ነበረች አለ። ቤዛ አንገቷን ደፋች። ኸድጃ እንኳ ዝም አለች፤ ኋላ ሲነግሩኝ ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔን አስወጡኝ።"

"እርስዎ አባል አይደሉም እኮ፣ እትዬ" አለ ናሆም።

"ያልገባ ሰው ከየት ይወጣል?" አለች ኸድጃ። ከዚያ የራሷ ጥያቄ ራሷን ያዛት። "ካልሆነ መጀመሪያ እናስገባቸውና ከዚያ እናስወጣቸዋ።"

ልጆቹ ሳቁ። ናሆም ግን አልሳቀም። ደንብ የሚወድ ሰው ደንብ ውስጥ ቀዳዳ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በደንቡ አይከለከልም አለ ቀስ ብሎ። ግን ማንም የሚገባው አንድ የወደደውን ታሪክ፣ ገና ያልሆነ ነገር ያለበትን፣ ለአባላቱ አካፍሎ ነው። ለእርስዎም አናዳላም አለኝ።

አምስተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። እኔ የማውቀው ታሪክ ሁሉ የሆነ ነው፣ ያውም ጎረቤት ላይ የሆነ። ቤዛን አየኋት። ወለሉን ታያለች። እኔ አፌን ካልከፈትኩ ከዚህ ክፍል የምትወጣው እሷ ናት።

ጊዜ ለመግዛት አንድ ነገር ልጠይቅ አልኩ። ሩቅ ኮከብ ላይ ለሄደ ሰው ስልክ ቢደወል ይደርሳል ወይ? ናሆም ተቀይሞኛል፤ ግን እሱን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ለተጠማ በቅሎ ምንጭ ማሳየት ነው። ይደርሳል፣ ግን እንደ ርቀቱ ዓመታት ይፈጃል፤ መልሱም ሲመጣ እንደዚያው አለኝ።

"ለአንድ ቃል?"

"ለአንድ ቃልም ቢሆን።"

"እንዴት ትችለዋለች?" አልኩ።

"ማን?"

"እናትየው።"

"የቷ እናት?" አለ ናሆም።

የቷ እንደሆነች እኔም አላውቅም ነበር፤ ካመጣኋት ወዲያ ግን መንገር ነው። ወደፊት በሚመጣው ጊዜ አልኳቸው፣ ጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ የጠፈር መርከብ መናኸሪያ አለ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ኮከብ፣ ኮከብ፣ አንድ ሰው የቀረው እያለ ይጣራል። አንዲት እናት ልጇን ልትሸኝ መጣች። ልጅቷ ተምራለች፣ ጎበዝ ናት፣ ሩቅ ኮከብ ላይ ሥራ አግኝታለች። እናትየው በሶ በቅል፣ ቆሎ በስልቻ፣ ድርቆሽ በማዳበሪያ ይዛለች፤ ረዳቱ ጭነት አይፈቀድም ይላል፤ እሷ ይህ ጭነት ሳይሆን ስንቅ ነው ትላለች። ሲከራከሩ መርከቡ ተነሳ። ስንቁ እጇ ላይ ቀረ።

ልጆቹ ፈንድሻ ማንሳት አቆሙ። እኔም ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ሄድኩ። እናትየው ወደ መልእክት መላኪያው ሮጠች አልኳቸው። እዚያ ያለው ሠራተኛ፣ መልእክትሽ እስኪደርስ ልጅሽ ትጎለምሳለች፣ መልሱ እስኪመጣ አንቺ ታረጂያለሽ፣ ስለዚህ በጣም አስፈላጊውን አንድ ቃል ምረጪ አላት። አሰበች፣ አሰበች፣ "በልተሻል?" ብላ ላከች። ከዚያ ቤቷ ተመልሳ በሯ ላይ ተቀመጠች። ለልቅሶ ሲጠሯት ዛሬ ቢደርስስ ትላለች። ለሰርግ ሲጠሯት ዛሬ ቢደርስስ ትላለች። ፀጉሯ ነጣ።

ሻይ መቅዳት ያዝኩ።

"ከዚያስ?" አለ ናሆም። ወንበሩን መወዝወዝ ትቶ ነበር።

"አላውቅም" አልኩት። "መልሱ ገና አልመጣም።"

እጅ ይውጣ ተባለ። በሙሉ ድምፅ ገባሁ። ወዲያው ናሆም ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገና ፍላሽዋን በማጥፋት ጥፋት እንድሰናበት ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም እያፈሩ እጃቸውን አወጡ፤ ቤዛ ብቻ እጇን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠች። አውጪ ብዬ በዓይኔ ብቆጣት ወዲያ ዞረች። አንድ ተቃውሞ ተመዝግቦልኝ ተባረርኩ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ገብቼ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወጣሁ። በሕይወቴ ከምንም ነገር ተባርሬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤዛ አባል ሆና ቀረች።

ፊልም ስላልነበረ እየተነሱ የወደዱትን በቃላቸው አወሩ። አንዱ ያነበበውን ሲናገር ሌላው እንዲያ አይደለም እያለ ይጣላዋል። ናሆም እጁን እንደ መርከብ ያበር ነበር። ያላለቀው ክርክር ግን የኔዋ ሴትዮ መልስ ይመጣል አይመጣም የሚለው ሆነ፤ ኸድጃ የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው፣ እዚያ እንጨርሰዋለን ብላ እየጎተተች አስወጣቻቸው።

እኔና ቤዛ ብርጭቆ ማጠብ ያዝን። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። እንደተቀየመችኝ አላወቅኩም፣ እንዳልተቀየመችኝም አላወቅኩም፤ አንዱን ብርጭቆ እስኪጮህ ድረስ ነው የወለወልኩት።

"እማ" አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። "ያቺ ልጅ መልሱን የላከችው ጥያቄው ሳይደርሳት ነው።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"እናቷ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ታውቃለቻ። ስለዚህ ገና ከመርከቡ ስትወርድ 'በልቻለሁ' ብላ ላከች። ጥያቄውና መልሱ መንገድ ላይ ነው የተላለፉት። እናትየው ያን ያህል አልጠበቀችም።"

ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዓርብ ጀምሮ ደረቴ ውስጥ ቆሞ ሲንጎራደድ የነበረ ነገር ቁጭ ሲል ተሰማኝ። እሷም ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። አንድ ጥሩ ነገር ልናገር አሰብኩ፤ ለእንዲህ ያለው ሰዓት የሚሆን፣ እናት የሚያሰኝ ቃል።

"ምን በልታ?" አልኳት።